ሻወር አሳጥረን፣ ቧንቧ ዘግተን ውሃው ለምን አልቀነሰም?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቤት ውስጥ አራት ነን። ጓሯችን ሳር፣ ጥቂት ዛፎችና የአትክልት መደብ አለው። ውሃ ለመቆጠብ ያላደረግነው የለም። ሻወር አሳጥረናል፣ ጥርስ ስንቦርሽ ቧንቧ እንዘጋለን፣ ልጆቹን በየቀኑ እንቆጣለን። ቆጣሪው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል። የሽንት ቤቱ ሳጥን ውስጥ ጡብ አስገቡ ተባልን፤ ይሠራል? የልብስ ማጠቢያውን ውሃስ ለጓሮው ማጠጣት እንችላለን?»

መጀመሪያ ልጆቹን ተዉአቸው። ጥርስ ሲቦረሽ ቧንቧ መዝጋት ጥሩ ልማድ ነው፣ ይቀጥል። ግን ሰው እየተጠነቀቀ ቆጣሪው አልቀንስ ሲል፣ ይባስ ብሎ ሲጨምር፣ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የጸባይ አይደለም። ወይ ማንም ሳይከፍተው የሚፈስ ውሃ አለ፣ ወይ ጓሮው ስንት እንደሚጠጣ ማንም ለክቶት አያውቅም። በሥራዬ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁም፣ ባለሙያ ከመጥራታችሁም በፊት ለኩ።

ዛሬ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሱት። ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይነካ፣ ሽንት ቤትም ሳይገባ፣ ድጋሚ አንሱት። በአብዛኞቹ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ኪዩቢክ ሜትር ናቸው፤ አንዱ 1,000 ሊትር ማለት ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ብዙዎቹ ላይ አንዲት ትንሽ ባለጥርስ ወይም ሦስት ማዕዘን ነገርም አለች፤ ቀጭን ፍሰት እንኳ ቢኖር ትዞራለች። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ውሃ እየሄደ ነው። በቃ፣ ክርክር የለም።

ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር ካላችሁ ግን ይህ ፈተና ብቻውን ያሳስታችኋል። ቆጣሪው የሚዞረው ታንከሩ ገና እየሞላ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ከታንከሩ በኋላ ያለ ፍሳሽ ቆጣሪው ላይ ወዲያው ላይታይ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ታንከሩ እስኪሞላ ጠብቁ፣ መግቢያውን ዝጉ፣ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ፣ ጠዋት እዩት። የታንከሩ ስፋት ዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከሆነ፣ ውሃው 1 ሴንቲሜትር ሲወርድ ወደ 8 ሊትር ገደማ ሄዷል ማለት ነው። 5 ሴንቲሜትር ወርዶ ካገኛችሁት በአንድ ሌሊት 40 ሊትር ያህል የት ገባ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ታንከሩ ላይ እያላችሁ ተንሳፋፊ ኳሷንም እዩልኝ። ሲሞላ በደንብ ካልዘጋች፣ ትርፉ በማፍሰሻው በኩል ወጥቶ ጣሪያ ላይ ይቀራል። ታች ያለ ሰው ይህን አያየውም።

ፍሳሽ መኖሩን ካረጋገጣችሁ የት እንዳለ ለማወቅ ወደ ቤቱ የሚገባውን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ቆጣሪው አሁንም ከዞረ ችግሩ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው የተቀበረ መስመር ላይ ነው። ዝናብ በሌለበት ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ሳሩ ለምልሞ፣ መሬቱ ሲረገጥ ሲሰምጥ ካያችሁ መቆፈሪያውን እዚያ አምጡ። ከቆመ ግን ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ፤ በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት ሂዱ።

የሽንት ቤት ፍሳሽ ድምፅ ስለሌለው ሰው ይረሳዋል። ከኋላ ካለው ሳጥን በታችኛዋ ጎማ በኩል ውሃው በቀጭኑ ወደ ሳህኑ ይወርዳል፣ ሳጥኑም ቀስ እያለ ይተካዋል፣ ሌት ተቀን። ለማወቅ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ፍላሽ ሳታደርጉ ቆዩ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ አገኛችሁት። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ ማለት ነው፣ ቢያፈስ በቀን 288 ሊትር ይሆናል። በወር ከ8 ኪዩቢክ ሜትር ይበልጣል። አራታችሁም በየቀኑ ከሻወራችሁ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብትቀንሱ፣ ሻወሩ በደቂቃ 15 ሊትር የሚያወርድ አሮጌ ቢሆን እንኳ፣ የምታተርፉት 120 ሊትር ነው። ያቺ ጎማ ከዚያ እጥፍ በላይ ትበላለች። ለዚህ ነው ልጆቹን ተዉአቸው ያልኩት።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ሳጥኑን ክፈቱና ውሃው በመሃል ባለው የትርፍ ቱቦ አፍ ላይ እየፈሰሰ እንደሆነ እዩ። ከሆነ የሳጥኑ ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ብላለች፤ ውሃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክሏት። በዚያ በኩል ደህና ከሆነ የታችኛዋን ጎማና የምትቀመጥበትን ቦታ እጃችሁን አስገብታችሁ ጥረጉ። አንዳንዴ የተጋገረ ነጭ የውሃ ጨው ብቻ ነው ችግሩ። ጎማዋ ከደረቀች ወይም ከተጣመመች ቀይሯት። ሳጥን ውስጥ የሚገቡትን የማጽጃ እንክብሎች ደግሞ ባትጠቀሙ እመክራለሁ፤ ክሎሪኑ ጎማውን ቶሎ ይገድለዋል፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሳችሁ እኔን ትጠይቃላችሁ።

ጡቡን በተመለከተ፦ አታስገቡ። ጡብ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ያቺው ጎማ ሥር ይገባና አዲስ ፍሳሽ ይፈጥራል። ሐሳቡ ግን ስህተት አይደለም። አሮጌ ሽንት ቤት በአንድ ፍላሽ 13 ሊትርና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ አዲሶቹ 6 ሊትር ይበቃቸዋል፣ ባለሁለት ቁልፎቹ በትንሹ ቁልፍ 3 ሊትር ገደማ። ሳጥናችሁ ትልቅ አሮጌ ከሆነ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃና ትንሽ አሸዋ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ከማይነካበት ጥግ አቁሙት። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ታዘቡ። ሰው ሁለት ጊዜ ፍላሽ ማድረግ ከጀመረ ኪሳራ ነው፣ አውጡት። አዲስ ሳጥን ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት፤ በተሠራለት ልክ ካልተሞላ በደንብ አያጸዳም።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ስለዚህ ብዙ አልልም። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ይሆናል። የውስጡን ጎማ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ቧንቧው ቀን ቀን ደህና ሆኖ ሌሊት ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ወይም ጎማ በቀየራችሁ ቁጥር ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ግፊቱ በዝቶባችሁ ይሆናል። ሌሊት ሰው ስለማይጠቀም በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ለቤት ዕቃ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል፤ ከ5 ወይም 6 ባር በላይ ከሆነ መግቢያው ላይ የግፊት መቀነሻ ማስገባት ተገቢ ነው። ግፊቱ ከ6 ወደ 3 ባር ሲወርድ ከተከፈተ ቧንቧ የሚወጣው ውሃ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማንም ሰው ልማዱን ሳይቀይር ማለት ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ቁጠባ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ማስታወስ አይፈልግም፣ ጭቅጭቅም አያመጣም።

ሻወሩንም ለኩት። ባለ10 ሊትር ባልዲ ሥር አድርጋችሁ እንደተለመደው ክፈቱት፣ ስልኩ ሰዓት ይያዝ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ከሞላ የሻወሩን ራስ መቀየር ያዋጣል። በደቂቃ 7 ወይም 8 ሊትር የሚያወርዱ ጥሩ የሻወር ራሶች አሉ፣ ጥሩዎቹ ደግሞ ውሃው ያነሰ አይመስልም። የእጅ መታጠቢያው አፍ ላይ የምትጠመዘዝ፣ ውሃውን ከአየር የምትቀላቅል ወንፊትም አለች፤ ፍሰቱን ወደ 5 ወይም 6 ሊትር ታወርዳለች። ጓሮ ባለው ቧንቧ ላይ ግን አታድርጓት፣ እዚያ ባልዲ ስትሞሉ ጊዜ ትፈጃለች እንጂ ውሃ አታተርፍም። ሙቅ ውሃ እስኪመጣ የምታፈሱትን ቀዝቃዛ ደግሞ በባልዲ ያዙት፤ ንጹህ ውሃ ነው፣ ለፈለጋችሁት ይሆናል።

አሁን ወደ ጓሮው። እውነቱን ለመናገር የእናንተ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ምክንያቱም ሻወር ስታሳጥሩ የማጠጫውን ጎማ አልለካችሁም።

ጎማ ሲከፈት በደቂቃ 20 ሊትር ማውጣቱ የተለመደ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ካጠጣችሁ 600 ሊትር ሄደ። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የሚወሰነው ውሃው የት እንደገባ ነው። ደረቅና ሞቃት በሆነ ቀን ሳር ወደ 5 ሚሊሜትር ውሃ በትነትና በቅጠሉ በኩል ያጣል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 5 ሊትር። 50 ካሬ ሜትር ሳር ካላችሁ ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲሆን በቀን 250 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ ሳሩን መጀመሪያ እዩት። ልጆች የሚጫወቱበትን፣ የምትቀመጡበትን ያዙ፤ ዳር ዳሩን፣ ማንም የማይረግጠውን ግን ወደ ቁጥቋጦ ወይም ድርቅ ወደሚችል ተክል ለውጡት። የቀረውን ስታጭዱ እስከ ሥሩ አትላጩት፣ 7 ሴንቲሜትር ያህል ተዉት፤ ረዘም ያለ ሳር መሬቱን ያጠላል፣ ሥሩም ይረዝማል። በድርቅ ጊዜ ቢጫ ሲሆን ደግሞ አትደንግጡ። ብዙ ዓይነት ሳር ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል።

ለአትክልቱና ለዛፎቹ ያለኝ ምክር ከብዙ ሰው ልማድ ተቃራኒ ነው፦ በየቀኑ አታጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲረጭ የሚርሰው የላይኛው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ እሱንም ፀሐይ ከሰዓት በፊት ትወስደዋለች። ሥሩም ውሃ ያለው ላይ ነው ብሎ ወደ ላይ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ሳታጠጡ ስትቀሩ ተክሉ ይጠወልጋል፣ እናንተም «ይሄው፣ በየቀኑ ነው የሚፈልገው» ትላላችሁ። የለመደው እናንተ ባስለመዳችሁት መንገድ ነው። አብዛኛው አትክልት ውሃ የሚወስደው ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር ነውና እስከዚያ እንዲርስ አድርጋችሁ አጠጡ፣ ከዚያ ለቀናት ተዉት። መቼ እንደገና? ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈር ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ገና ነው፣ አታጠጡ። ቀን በሐሩር ቅጠል መውደቁንም እንደ ጥማት አትቁጠሩት፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች እኩለ ቀን ላይ ይዝላሉ፣ ማታ ይነሳሉ። ጠዋትም ወድቆ ካገኛችሁት ያኔ በእርግጥ ተጠምቷል። አዲስ የተተከለና ገና ሥር ያልሰደደ ችግኝ ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፣ እሱን ቶሎ ቶሎ እዩት።

አፈራችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። ዋልካ ከሆነ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ ጎማውን አጥብቃችሁ ከለቀቃችሁበት ላይ ላዩን ሮጦ ይሄዳል። ጥቂት አጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ እንደገና ጨምሩ። አሸዋማ ከሆነ በተቃራኒው ወዲያው ይጠጣና ከሥሩ በታች ያሳልፈዋል፤ እዚያ መጠኑን ቀንሶ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው የሚሻለው። ለሁለቱም ፍቱኑ ነገር ብስባሽ ነው። ለአሸዋው ውሃ እንዲይዝ፣ ለዋልካው ደግሞ ውሃ እንዲገባው ይረዳል።

ከሁሉም በላይ ግን ባዶ አፈር አትተዉ። ደረቅ ቅጠል፣ ደረቅ ሳር፣ የእንጨት ፍላጭ፣ ያገኛችሁትን ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ጎዝጉዙበት። ትነቱ ይቀንሳል፣ አረሙ ይቀንሳል፣ ከጊዜ በኋላም በስብሶ አፈር ይሆናል። ጉዝጓዙን ከግንዱ ጋር አታስነኩት፣ ጥቂት ጣት ያህል ራቅ ይበል፤ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። አሁን የታጨደ እርጥብ ሳርም በወፍራሙ አትከምሩ፣ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። በጉዝጓዝ ላይ ብዙ የምናገረው ከተሞክሮ ነው። ጓሮ ውስጥ ይህን ያህል ውሃ የሚያተርፍ ሌላ ነገር በነጻ አላገኘሁም፣ ሰው ግን ቅጠሉን ጠርጎ ያቃጥልና ውሃ ተወደደ ይላል።

ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ከሚረጨው የተወሰነው መሬት ሳይደርስ ይተናል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ማታም ይቻላል፣ ግን ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ለሻጋታ በሽታ ይጋለጣል። (በፀሐይ ሲጠጣ ጠብታው ቅጠሉን ያቃጥለዋል የሚባለው ለለስላሳ ቅጠል እውነት አይደለም፤ እኩለ ቀንን የምንሸሸው ለትነቱ ነው።) ለመደቡ የጠብታ መስኖ፣ ማለትም ውሃ በጠብታ የሚያወጡ ባለቀዳዳ ቱቦዎች፣ ብትዘረጉ ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ። ውሃው ቀጥታ ሥሩ ላይ ነው የሚወርደው፣ ቅጠሉ አይነካም፣ መተላለፊያውም አይረጥብም። የመስመሩን ወንፊት ግን በየጊዜው እጠቡ፣ አለበለዚያ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ዛፎቹን ደግሞ ግንዱ ሥር አታጠጧቸው። ውሃ የሚጠጡት ሥሮች ያሉት የቅርንጫፉ ጥላ ዳር አካባቢ ነው፣ እዚያ ዙሪያውን ዝቅ ያለ ክብ ቦይ አውጡላቸው።

ስለ ዝናብ ውሃ አልጠየቃችሁም፣ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 15 ሚሊሜትር ቢዘንብ 900 ሊትር ይሆናል፤ የሚባክነውን ብትቀንሱ እንኳ ከ700 በላይ ይገኛል። ከአሸንዳው በርሜል ማገናኘት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ይፍሰስ፣ ከዚያ በኋላ ያዙ። በርሜሉ ይከደን፣ አፉ በወንፊት ይሸፈን፤ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር በሙቀት ጊዜ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። የሚቀመጥበት ቦታም ጠንካራ ይሁን፣ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነውና ሕፃን ላይ ቢወድቅ ቀልድ አይደለም። ሳይጣራና ሳይታከም አትጠጡት።

በርሜል ባይኖራችሁም ግን ችግር የለም። ትልቁ ታንከራችሁ አፈሩ ራሱ ነው። መካከለኛ የሆነ ለም አፈር በላይኛው 30 ሴንቲሜትር ብቻ ተክል ሊጠቀምበት የሚችለውን በካሬ ሜትር 40 ሊትር ያህል ይይዛል። መደቡ 20 ካሬ ሜትር ቢሆን 800 ሊትር ነው፣ አራት በርሜል። ስለዚህ የአሸንዳው ውሃ ወደ መንገድ መፍሰሱ ቀርቶ ወደ ዛፎቹ እንዲዞር ቦይ ቁረጡለት፤ ከቤቱ መሠረት ግን ሁለት ሦስት ሜትር ይራቅ።

በመጨረሻ የልብስ ማጠቢያው ውሃ። ይቻላል፣ በልክ። ከልብስ ማጠቢያ፣ ከሻወርና ከእጅ መታጠቢያ የሚወጣው ለጓሮ ይሆናል። ከወጥ ቤት የሚወጣው ስብና የምግብ ቅሪት ስላለው ይሸታል፣ አፈሩንም ይደፍነዋል፣ ተዉት። የሽንት ቤቱ ጨርሶ አይነካም። የሕፃን ዳይፐር የታጠበበት፣ ወይም ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ የእሱ ልብስ የታጠበበት ውሃም ወደ ፍሳሽ ይሂድ። በረኪና የገባበትም እንዲሁ።

ውሃውን አታጠራቅሙት። ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ሽታውም ጎረቤት ይደርሳል። የዚያኑ ቀን፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በባልዲ ወይም በቱቦ መሬት ላይ አፍስሱት፤ አትርጩት። ለዛፎችና ለአበቦች ይሁን፣ በተለይ በጉዝጓዝ በተሸፈነው ቦይ ውስጥ። ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ወይም ሥር ያለበት መደብ ላይ ግን አይሁን። ከሳሙናዎቹ ፈሳሹ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ዱቄቶች ሶዲየም ይበዛባቸዋል፣ ሶዲየም ደግሞ በተለይ የዋልካን አፈር ያጣብቅና ውሃ እንዳይገባው ያደርጋል። በየጊዜው ንጹህ ውሃ ወይም የዝናብ ውሃ እያፈራረቃችሁ ስጡ፣ አንድ ዛፍ ላይ ብቻም አታዘውትሩ። አፈሩ ላይ ነጣ ያለ ቅርፊት ካያችሁ፣ ወይም የቅጠሎቹ ጠርዝ እየተቃጠለ ከመጣ፣ የሳሙናውን ውሃ አቁሙና ቦታውን በንጹህ ውሃ በደንብ አጥግባችሁ እጠቡት።